ኳሱን ቆጠሩልኝ፣ ገንዘቡንስ?

ደብዳቤው አሳጥሬ ሳቀርበው እንዲህ ይላል፦

«ዕድሜዬ 67 ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ። ዋሽንግተን ውስጥ 29 ዓመት ታክሲ ነድቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። በጃንዋሪ አንድ ፊሊፒኖ ጓደኛዬ ‹ና አገሬን ላሳይህ› ብሎኝ ለሦስት ሳምንት ማኒላ ሄድኩ። ጠዋት ጠዋት ፑል ተጫወትኩ። በወጣትነቴ ከፒያሳ ካራምቡላ ቤቶች አልጠፋም ነበር፤ እጄ ግን የረሳ መስሎኝ ነበር። አልረሳም! አንድ ቀን ከዘጠኙ ኳስ ሰባቱን በተከታታይ አስገባሁ። ቤቱ ሙሉ አጨበጨበልኝ። ልጆቹ ‹ታታይ› ነው የሚሉኝ፣ አባታችን እንደ ማለት ነው። ማታ ማታ ደግሞ ካዚኖ ገብቼ ፖከር እጫወታለሁ፤ ትንሽ ትንሽ ነው።

አሁን በኤፕሪል ለሦስት ወር ልመለስ ነው። ትልቋ ልጄ ይህን ስትሰማ ‹አባባ ቁማርተኛ ሆነ› ብላ አለቀሰች። ለንስሐ አባቴም ነገረችብኝ። በዚህ ዕድሜዬ ፈቃድ ልጠይቅ እንዴ? ደግሞ እዚያ ገበያ አዳራሽ ውስጥ የተዋወቅኳቸው እህትና ወንድም አሉ። ታናሽ እህታቸው ነርስ ናት፣ ሜሪላንድ ልትመጣ ነው። ወንድምየው ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ነው። ስመለስ ቤታቸው ምሳ ሊጋብዙኝ፣ ፖከርም በነፃ ሊያስተምሩኝ ነው። እነዚህን ጨዋ ሰዎች ከልጄ ጋር ባስተዋውቃቸው ሐሳቧን ትቀይር ይሆን?

ጡረተኛው»

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን መጀመሪያ ፈገግ ብዬ ነበር የማነበው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ስለዚህ ከመጨረሻው ልጀምር።

እዚያ ቤት እንዳይሄዱ። ለምሳም፣ ለቡናም፣ ለትምህርትም ቢሆን።

ሰዎቹን አላውቃቸውም። ታሪኩን ግን አውቀዋለሁ። ከማኒላ እስከ ባንኮክ፣ ከኩዋላ ላምፑር እስከ ፕኖም ፔን ስንቱን ሰው ያራቆተ የቆየ ማጭበርበሪያ ነው። ንግግሩ እንኳን ብዙም አይለወጥም። ፊቱ ብሩህ የሆነ ሰው መናፈሻ ወይም ገበያ አዳራሽ ውስጥ ሰላም ይልዎታል። ከየት እንደመጡ ይጠይቅዎታል። ሜሪላንድ ሲሉት እህቱ ነርስ ናት፣ ሜሪላንድ ልትሄድ ነው። ቴክሳስ ብለውት ቢሆን ኖሮ ቴክሳስ ትሄድ ነበር። እናታቸው ስለ አገሩ ሊጠይቁዎት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ምሳ ይጋበዛሉ። ቤት ሲደርሱ ነርሷ የለችም። ካዚኖ የሚሠራው ወንድም ወይም አጎት ግን አለ።

ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ካርታ ይወጣል። ሰውየው ሌላው ተጫዋች የያዘውን ካርታ በጣቱ ምልክት እንዴት እንደሚነግርዎት ያሳይዎታል። ለቀልድ ነው፣ ይስቃሉ። በዚያው ሰዓት በሩ ይንኳኳና አንድ ሀብታም ነጋዴ ይገባል። ብዙ ጊዜ ከብሩናይ ወይም ከሲንጋፖር የመጣ ነው ይባላል። የመጫወቻውን ገንዘብ ራሳቸው ያበድሩዎታል። ያሸንፋሉ። አሁንም ያሸንፋሉ። ከዚያ ያቺ ዙር ትመጣለች። እጅዎ ላይ ያለው ካርታ የሚሸነፍ አይደለም። ነጋዴው ግን ብዙ ሺህ ዶላር ጠረጴዛው ላይ ይከምርና «የአንተንም ልየው» ይላል። ካርታው ፖስታ ውስጥ ይታሸጋል። እርስዎን በመኪና ይዘው ከአንዱ የባንክ ማሽን ወደ ሌላው፣ አንዳንዴም በክሬዲት ካርድዎ ወርቅ ሊያስገዙዎት ወርቅ ቤት ድረስ ይዞራሉ። ተመልሰው ሲቀመጡ ያ የማይሸነፈው ካርታ ይሸነፋል።

የዚህ ተንኮል ክፋቱ ምን መሰለዎት? የተበላው ሰው ራሱ ሊያታልል ተስማምቶ ስለነበር ፖሊስ ጋ መሄድ ያፍራል። ለልጆቹም ትንፍሽ አይልም። የሚበላው ደግሞ ፋራ ብቻ አይደለም። ዓለም የዞረ፣ ሰው አውቃለሁ የሚል ሰው ነው፤ ብቻውን ስለሆነና ምሳ ስለተጋበዘ ይሸነፋል። እኛ ደግሞ ያበላንን ሰው መጠርጠር ነውር ሆኖ ነው ያደግነው። ምናልባት የእርስዎ ሰዎች የእውነት ጨዋ ይሆኑ ይሆናል። ከሆኑ ሰው በተሰበሰበበት ምግብ ቤት፣ የእርስዎ ፊሊፒኖ ጓደኛ ባለበት ይጋብዟቸው። ያን ቀን «አይመቸንም» ካሉ መልሱን አገኙ ማለት ነው። የልጅዎን ስም፣ አድራሻና ስልክ ግን አይስጧቸው።

አሁን ወደ ደስታዎ እንምጣ። እኔም የፑሉን ነገር ስለምወደው ትንሽ ላውራ።

ለፑል ብሎ ማኒላ መሄድ ሩጫ የሚወድ ሰው በቆጂ እንደሄደ ነው። እዚያ አገር ፑል የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። ሮኒ አልካኖ በ2006፣ ፍራንሲስኮ ቡስታማንቴ በ2010፣ ካርሎ ቢያዶ በ2017 በዘጠኝ ኳስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። የሁሉም አባት ግን ኤፍሬን ሬየስ ነው። «ባታ» ይሉታል፣ በእነሱ ቋንቋ ልጅ ማለት ነው። በዕድሜ የሚበልጠው ሌላ ኤፍሬን ስለነበረ እንዲለዩት ያወጡለት ስም ነው። (ባታ ሲባል እኛ እግራችንን ነው የምናየው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ።) በ1954 ፓምፓንጋ ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ ማኒላ አጎቱ ጋ መጣ። አጎትየው ፑል ቤት ነበራቸው። ልጁ ቁመቱ ጠረጴዛው ላይ ስለማይደርስ የኮካ ኮላ ሣጥን ላይ ቆሞ ይጫወት ነበር። ሲመሽ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይተኛል።

ይኸው ልጅ አድጎ በ1985 አሜሪካ መጣ፣ ሂዩስተን። ስሙ ቀድሞት ደርሶ ስለነበር ኤፍሬን ነኝ ካለ በገንዘብ የሚጫወተው አያገኝም። ስለዚህ «ሴሳር ሞራሌስ እባላለሁ» አለ። የቴክሳስ ተጫዋቾች ማንም የማያውቀው ቀጭን እስያዊ ነው ብለው ተቀመጡ። ኪሳቸውን አራግፎላቸው ሄደ። በ1994 የአሜሪካን ኦፕን የተባለውን የዘጠኝ ኳስ ውድድር ሲያሸንፍ ከአሜሪካ ውጭ የመጣ የመጀመሪያው አሸናፊ ሆነ። በ1999 ደግሞ ካርዲፍ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ይህን ያወራሁት እንዲሁ አይደለም። ጋሼ፣ ማኒላ ውስጥ በነጠላ ጫማ ከመጣ ሰው ጋር በገንዘብ ፑል አይጫወቱ። ሴሳር እባላለሁ ካለዎት ደግሞ ለስላሳ ጋብዘውት ውልቅ ይበሉ። በየፑል ቤቱ ጥግ ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ ሃምሳ ዓመት እዚያው የኖረ ሰው አይጠፋም። ብልጫ ኳስ እሰጥሃለሁ ብሎ ሲጀምርዎት ደግነት እንዳይመስልዎት፤ ሒሳቡን ጨርሶ ነው የመጣው። በዚያ ላይ ፈቃድ በሌለው ቦታ በገንዘብ መጫወት በአገሩ ሕግ ወንጀል ነው። ከ1978 ጀምሮ ቅጣቱን ያከበደ አዋጅ አላቸው። ሰባት ኳስ ያስገቡ ቀን ሰው ያጨበጨበልዎት በነፃ ነው። በነፃ ይቆይልዎት።

ይልቅ የእነሱን ሮቴሽን ይማሩ። አሥራ አምስቱም ኳስ ይደረደራል። ከአንድ ጀምሮ በቁጥር ቅደም ተከተል ነው የሚመታው፤ ኳሱ ቁጥሩን ያህል ነጥብ አለው። ድምሩ 120 ስለሆነ 61 የደረሰ አሸነፈ። ረጅም ጨዋታ ነው፣ ያሳስባል፣ ጠረጴዛውን ያስዞራል። ለጉልበትም ለጭንቅላትም እንዲህ ያለ ነገር ይመከራል። አርጅቻለሁ የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ይተዉት። ኤፍሬን በ2022 ሃኖይ ላይ በተደረገው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች ለአገሩ ሲሰለፍ ዕድሜው ስንት እንደነበር ያውቃሉ? 67። ያውም የተሰለፈው በካራምቡላ ነው። የፒያሳው ልጅ ደስ ይበልዎት።

«ታታይ» ያሉትን ነገር ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ፊሊፒኖዎች ለትልቅ ሰው ሲናገሩ ዓረፍተ ነገሩ ላይ «ፖ» የምትል የአክብሮት ቃል ይጨምራሉ፤ የእኛ «እርስዎ» የምታደርገውን ሥራ ትሠራለች። ልጅ ከአዋቂ ጋር ሲገናኝ እጁን ይዞ ግንባሩ ላይ ያስነካል። «ማኖ» ይሉታል። እኛ ጉልበት እንደምንስመው ማለት ነው። ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚተራመስበት ከተማ ውስጥ፣ በዚያ ጡሩምባና ጭስ መሃል፣ የማያውቅዎት ልጅ እጅዎን ይዞ ግንባሩን ያስነካል። ዋሽንግተን ውስጥ 29 ዓመት የተሳፈረው ሰው ሁሉ ከኋላ ሆኖ ያየው ማጅራትዎን ነው። ለምን መመለስ እንዳማረዎት ይገባኛል።

ለልጅዎ ላስረዳት የምፈልገውም ይህንኑ ነው። አባትሽ ቁማር ቢያምረው ኖሮ ከሃያ ሰዓት በላይ በአውሮፕላን አይጓዝም ነበር። እዚያው ሜሪላንድ፣ ናሽናል ሃርበር ላይ ካዚኖ አለ፣ የፖከር ክፍልም አለው፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ ከሲልቨር ስፕሪንግ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። አባትሽ የሄደው ሌላ ነገር ፍለጋ ነው።

ግን ጋሼ፣ እርስዎንም ዝም ብዬ አላልፍዎትም። የላኩልኝ ሙሉው ደብዳቤ አራት ገጽ ነው። ሦስቱ ገጽ ስለ ፑል ነው። በየትኛው ቀን ስንት ኳስ እንዳስገቡ፣ የትኛው ቀዳዳ እንዳስቸገረዎት ሳይቀር ጽፈውልኛል። ስለ ፖከሩ የጻፉት ግን «ትንሽ ትንሽ» ብቻ ነው። ኳስ በቁጥር የሚያስታውስ ሰው ገንዘቡን በቁጥር ሳይጽፍ ሲቀር እኔ እጠረጥራለሁ። ትንሽ ትንሽ ስንት ነው? ሃያ አንድ ቀን ሲባዛስ?

ፖከርን አልሰድበውም። በካዚኖ ውስጥ ካሉት ጨዋታዎች ይለያል። ሩሌት ቢጫወቱ ባላጋራዎ ቤቱ ነው፤ ሁለት ዜሮ ያለበት ጎማ ላይ ከሚያስይዙት 100 ዶላር በአማካይ አምስት ከሩብ ያህሉ የቤቱ ነው፣ ምንም ብልሃት አያድንዎትም። ፖከር ላይ ግን ከተጫዋቾቹ ጋር ነው የሚፋጠጡት። ቤቱ ከየዙሩ ትንሽ ይቆርጣል፣ ለእሱ ማንም አሸነፈ ማን ግድ የለውም። ይህ ጥሩ ዜና ይመስላል። ሆኖም ከእርስዎ ጋር የተቀመጡት እነማን ናቸው? ማኒላ ከመላው እስያ ፖከር ተጫዋች የሚመጣባት ከተማ ናት። ገሚሱ በዚህ የሚተዳደር ወጣት ነው። ከምሳ በኋላ ተኝቶ ነው የሚመጣው። እርስዎ ጠዋት ሙሉ ፑል ሲጫወቱ ውለው፣ የደም ግፊት መድኃኒትዎን ውጠው፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ዓይንዎ እየተስለመለመ ነው። እሱ የሚጠብቀው እርስዎን ነው።

ስለዚህ የሚጫወቱ ከሆነ በመንግሥት ተቋሙ በፓግኮር ፈቃድ ያለው ቦታ ብቻ ይሁን። መግቢያ ከፍለው የሚገቡበትን ትንሽ ውድድር ይምረጡ። የከፈሉት 40 ዶላር ከሆነ የሚያጡት 40 ዶላር ነው፣ በሦስት ሰዓት ሰው ተዋውቀው፣ ስቀው፣ ተሰናብተው ይወጣሉ። ሲወጡ ደግሞ እንደገና ከፍለህ ግባ የሚለውን አይስሙ። ክፍሉ በማቀዝቀዣው ብዛት ብርድ ነው፤ ሹራብ ይያዙ። በየሰዓቱ ተነሥተው ይንቀሳቀሱ፣ በእርስዎ ዕድሜ ብዙ ሰዓት መቀመጥ ለእግር ደም ሥር አይበጅም።

አንድ አጎት ነበረኝ፣ ኮንከር ይወድ ነበር። የአባቱን የእጅ ሰዓት የሸጠው በተበላበት ማታ አይደለም። በማግስቱ «ላስመልስ» ብሎ በተመለሰበት ማታ ነው። እርስዎም ማኒላ በነበሩበት ጊዜ «ላስመልስ» ብለው የገቡበት ማታ ካለ፣ አንድም ቢሆን፣ የልጅዎ ልቅሶ ያለ ነገር አይደለም ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ በዚህ ጉዞ ፖከሩን ሙሉ በሙሉ ይተዉትና ፑሉን ብቻ ይዘው ይሂዱ። የለም ካሉ ደግሞ ትንሽ ደብተር ይግዙ። ቀኑ፣ ይዘው የገቡት፣ ይዘው የወጡት። ሌላ ምንም አይጻፍበትም።

ፈቃድ ልጠይቅ እንዴ ላሉኝ፣ አይጠይቁ። 67 ዓመት የኖረ፣ ልጆቹን በታክሲ ያሳደገ ሰው ፈቃድ አይጠይቅም። መንገር ግን ሌላ ነው። ልጅዎ እናቷን ያጣችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። አሁን አባቷ ከዓለም ወዲያ ማዶ ማንነታቸውን ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ካርታ ይጫወታል። «ቁማርተኛ» የምትለው ቃል በእኛ ቤት ምን ያህል እንደምትከብድ ያውቃሉ፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን ልጅቷ ማለት የፈለገችው «አባባ፣ አንተንም እንዳላጣ» ነው። የንስሐ አባትዎን በተመለከተ በእሳቸው ሥራ አልገባም። ከልጅዎ አፍ ከሚሰሙት ግን ከእርስዎ ቢሰሙት ይሻላል፣ ሂደው ራስዎ ይንገሯቸው።

የቀረው የወረቀት ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ፓስፖርት ያለ ቪዛ የሚሰጥዎት 30 ቀን ነው። ሦስት ወር ለመቆየት እዚያው ኢሚግሬሽን ቢሮ እየሄዱ ማራዘም አለብዎት፤ ቀኑ እንዳያልፍዎት። የመመለሻ ትኬትም ይጠይቁዎታል። ሜዲኬር፣ ያ የአረጋውያኑ የጤና መድን፣ ከአሜሪካ ውጭ ባጠቃላይ አይሠራም። አንዳንድ የማሟያ ኢንሹራንሶች ለድንገተኛ ሕመም ይከፍላሉ፣ ግን በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ውስጥ ለሚደርስ ብቻ ነው። የእርስዎ ሦስተኛው ወር ባዶ ነው። የጉዞ የጤና መድን ሳይገዙ እንዳይነሡ፣ ከፖከሩ ይልቅ እሱ ነው ቤት የሚያሸጠው። የሠሩበት የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ እዚያም ሆነው ይቀጥላል። ኤስ ኤስ አይ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያን የሚሰጠው ድጎማ) የሚያገኙ ከሆነ ግን 30 ቀን በተከታታይ ከአገር ውጭ ሲሆኑ ይቆማል፣ ይህን ብዙ ወገኖቻችን የሚያውቁት ክፍያው ከቆመ በኋላ ነው። ያሸነፉትን ገንዘብም የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ይፈልገዋል፣ ማኒላም ቢሆን። ኤፕሪልና ሜይ ደግሞ የዓመቱ ሙቀት የሚብስባቸው ወራት ናቸው። ማቀዝቀዣ የሌለው ፑል ቤት ከረፋዱ በኋላ እሳት ነው፤ በጠዋት ተጫውተው ይጨርሱ።

ሰዓቱ ለእርስዎና ለልጅዎ ይመቻል። በኤፕሪል የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ልክ 12 ሰዓት ነው። ማኒላ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሲልቨር ስፕሪንግ ማታ ሁለት ሰዓት ነው፣ የእጅ ሰዓትዎን መቀየር እንኳን አያስፈልግዎትም። ልጅዎ ከሥራ ገብታ ራት በልታ ተቀምጣለች። ፑል ቤቱ ከመግባትዎ በፊት ይደውሉላትና ደብተሩን ገልጠው የትናንቱን ቁጥር ያንብቡላት። ከዚያ በኋላ ስለ ሰባቱ ኳስ ይንገሯት፤ ለእኔ የጻፉልኝን ያህል አስረዝመው።